ባቡሩን ማን ያንቀሳቅሰው? ስለ ለንደኑ የኤልሳቤጥ መስመር የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ብርድ ጥሪውን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ከተማን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሠራተኛውን የሚያመላልስ አዲስ የባቡር መስመር ሲዘረጋ፣ ባቡሩን የማንቀሳቀሱ ሥራ ለማን ይሰጥ የሚል ነው። ርዕሱ ለብዙ አገር የሚሆን ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን በየቀኑ የምንሳፈርበት መስመር እዚሁ ደጃችን ላይ ስላለ ከለንደኑ የኤልሳቤጥ መስመር ብዙም አልርቅም። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ አዲስ አበባ ስንደርስ ብቻ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ።

እሑድ፣ ሜይ 25 ቀን 2025 ጥዋት ከአቤይ ዉድ ወይም ከሼንፊልድ ተነሥቶ ወደ መሀል ከተማ የመጣ ሰው ምንም የተለየ ነገር አላየም። ሐምራዊው ቀለም ያው ነበር፤ ባቡሩም ያው፤ ነጂዎቹም ትናንት የነበሩት ናቸው፤ ካርዱን አስነክቶ ሲያልፍ የተቆረጠበት ሒሳብም አልተለወጠም። ሆኖም ሌሊቱን አንቀሳቃሹ ድርጅት ተቀይሮ አድሯል። ከ2015 ጀምሮ ሥራውን ይዞ የቆየው የሆንግ ኮንጉ ኤም ቲ አር ወጥቶ፣ ጎ አሄድ፣ ቶኪዮ ሜትሮና ሱሚቶሞ በጋራ ያቋቋሙት ጂ ቲ ኤስ ገብቷል። ሠራተኞቹም በዚህ አገር ሕግ መሠረት ከነመብታቸው ወደ አዲሱ አሠሪ ተላልፈዋል።

በዚያው ጥዋት ከዋተርሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወስዱት መስመሮች ላይ ሌላ ለውጥ ተደርጓል። ሳውዝ ዌስተርን ሬይልዌይ ከግል ኩባንያዎች እጅ ወጥቶ የመንግሥት ሆኗል። ኤም ቲ አር በዚህኛውም ውስጥ 30 በመቶ ድርሻ ስለነበረው በአንድ ሌሊት ሁለት ሥራ አጣ ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ ሀዲድ እየተጠገነ ስለነበር የአዲሱ የመንግሥት ባቡር የመጀመሪያ ጉዞ በከፊል የተከናወነው በአውቶቡስ ነው፤ የእንግሊዝ ጋዜጦችም ሳያላግጡበት አላለፉም።

እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ አገልግሎት ከግል ወደ መንግሥት ሲዛወር ሌላው ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ኩባንያ ተላልፏል። ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣረስ የሚመስለው ጥያቄውን «መንግሥት ወይስ የግል?» ብለን ስንጀምር ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ አይደለም ብዬ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው በትኬት የሚሰበሰበው ገንዘብ የማን ነው፣ ሲጎድልስ ማን ይሞላዋል የሚለው ነው። ይህ በቅጡ ከተወሰነ አንቀሳቃሹን መምረጥ በጣም ይቀላል፤ ሳይወሰን ከቀረ ግን የትኛውም አንቀሳቃሽ ቢመጣ ችግሩ አይለቅም።

በእንግሊዝ ባቡር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ግል ከተዛወረ በኋላ የተለመደው ስልት ፍራንቻይዝ የሚባለው ነበር። ኩባንያው መስመሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይረከባል፤ የትኬቱን ገቢ ራሱ ይሰበስባል፤ እንደ መስመሩ ሁኔታ ለመንግሥት ይከፍላል ወይም ከመንግሥት ድጎማ ይቀበላል። አትራፊ በሆኑት መስመሮች ላይ ጨረታውን ለማሸነፍ ለመንግሥት የበለጠ እከፍላለሁ ማለት ትልቅ ነጥብ ያስገኛል። የበለጠ እከፍላለሁ የሚለው ደግሞ ተሳፋሪው ወደፊት በብዛት ይጎርፋል ብሎ ያሰበው ነው። ስለዚህ ጨረታው ጠንቃቃውን አስወጥቶ ተስፈኛውን ያስገባል። ከለንደን ወደ ኤዲንብራ የሚሄደው የምሥራቅ ጠረፍ መስመር ይህንን ሦስት ጊዜ አሳይቷል። ጂ ኤን ኢ አር የተባለው ኩባንያ የገባውን የክፍያ ቃል መጠበቅ አቅቶት በ2007 ወጣ፤ እሱን የተካው ናሽናል ኤክስፕረስ በ2009 ትቶት ሄደ፤ መንግሥት ለጥቂት ዓመታት ራሱ ካንቀሳቀሰው በኋላ በ2015 ለስቴጅኮችና ለቨርጂን ጥምረት ቢሰጠውም ያም በ2018 ተቋርጦ መስመሩ እንደገና ወደ መንግሥት ተመለሰ። ባቡሮቹ ይሄዱ ነበር፤ ተሳፋሪም አልጠፋም። የጠፋው በጨረታው ወረቀት ላይ የተጻፈው ገቢ ነው።

ይህ ለነባር መስመር ነው። በአዲስ መስመር ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም ማንም ተሳፍሮበት አያውቅም። የኤልሳቤጥ መስመር የተፈቀደው በ2008 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ቁፋሮውና ግንባታው በ2009 ተጀምሮ በዲሴምበር 2018 ሊከፈት ታቅዶ ነበር። በ2018 ክረምት ማብቂያ ላይ ቀኑ እንደማይደርስ ተነገረ፤ ከዚያ አልፎ ወረርሽኙ መጣ፤ ንግሥቲቱ ፓዲንግተን ጣቢያ ተገኝተው የመረቁት ሜይ 17 ቀን 2022፣ ሕዝቡ የተሳፈረበትም ከሳምንት በኋላ ሜይ 24 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ዘግይቷል ማለት ነው። እስኪ አንድ ኩባንያ በ2014 የትኬቱን ገቢ ተማምኖ ይህንን መስመር በፍራንቻይዝ ወስዶ ቢሆን ብላችሁ አስቡ። ባቡር ነጂዎች ቀጥሮ፣ አሠልጥኖ፣ በሩ ሳይከፈት ሦስት ዓመት ይቀመጣል፤ በዚህ መሀል የከተማው ሰው ሁሉ ከቤቱ መሥራት ይጀምራል። ወይ ኩባንያው ይከስራል፣ ወይ ከተማውን ፍርድ ቤት ይገትራል። ከሁለት አንዱ የማይቀር ነበር።

ያልሆነበት ምክንያት ለንደን ቀደም ብላ ሌላ መንገድ ሞክራ ስለነበረ ነው። በሰሜን ለንደን ዙሪያ የሚሄዱት የሲልቨርሊንክ መስመሮች በችላ መባል የታወቁ ነበሩ፤ ጣቢያዎቹ ሲመሽ ሰው የሌለባቸው፣ ባቡሮቹም ያረጁ ነበሩ። በኖቬምበር 2007 የከተማው የትራንስፖርት ባለሥልጣን፣ ማለትም ትራንስፖርት ፎር ለንደን (በአጭሩ ቲ ኤፍ ኤል)፣ ተረክቧቸው ለንደን ኦቨርግራውንድ የሚል ስም ሰጣቸው። አሠራሩ ኮንሴሽን ይባላል። ዋጋ የሚተምነው፣ የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው፣ የትኬቱን ገንዘብ የሚወስደው፣ ስሙና ቀለሙም የራሱ የሆነው ባለሥልጣኑ ነው። ኩባንያው ሰው ቀጥሮ ባቡሩን ያንቀሳቅሳል፣ ለዚህም የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል፤ ባቡር ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ ከክፍያው ይቀነስበታል፣ ከተቀመጠው መለኪያ በላይ ሲሠራ ይጨመርለታል። የመጀመሪያው ባቡር ከሚመጣበት እስከ መጨረሻው ባቡር ድረስ በየጣቢያው ሠራተኛ ይኑር የሚለውም በውሉ ገባ። ተሳፋሪው በብዙ እጥፍ አደገ። ገቢው ለከተማው ስለሆነ የዕድገቱም ጥቅም ለከተማው ሆነ።

የኤልሳቤጥ መስመርም በዚሁ መንገድ ሄደ። በ2013 ለመጨረሻው ዙር የቀረቡት ተወዳዳሪዎች አራት ነበሩ፤ አሪቫ፣ ኬዮሊስ ከጎ አሄድ ጋር፣ ኤም ቲ አር እና ናሽናል ኤክስፕረስ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «የግል ኩባንያ» የሚለው ቃል ሲነገር የምናስበውና እውነቱ በጣም ይራራቃሉ። አሪቫ ያን ጊዜ የጀርመን መንግሥት የባቡር ድርጅት ንብረት ነበር። የኬዮሊስ አብላጫ ድርሻ የፈረንሳይ መንግሥት ባቡር ነው። የኤም ቲ አር አብላጫ አክሲዮን የሆንግ ኮንግ መንግሥት ነው። ዛሬ ከገቡት አንዱ የሆነው ቶኪዮ ሜትሮም እስከ ኦክቶበር 2024 ድረስ ሙሉ በሙሉ የጃፓን መንግሥትና የቶኪዮ ከተማ አስተዳደር ነበር። እንግሊዝ የራሷ መንግሥት ባቡር አይነዳ ብላ በሯን ስትዘጋ፣ የሌሎች መንግሥታት በመስኮት ገቡ ብል ማጋነን አይመስለኝም። የባቡር ሠራተኞች ማኅበራት ይህንን ደጋግመው አንሥተዋል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ልከራከራቸው አልችልም።

በጁላይ 2014 ኤም ቲ አር አሸነፈ፤ ውሉ ለስምንት ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሊታከልበት የሚችል፣ ዋጋውም 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ ተብሎ ተነገረ። ብልህነቱ ግን ከዋጋው ይልቅ በአጀማመሩ ላይ ነበር። ዋሻው ገና እየተቆፈረ ሳለ፣ በሜይ 2015 ከሊቨርፑል ስትሪት እስከ ሼንፊልድ ያለውን ነባር አገልግሎት ተረክቦ ቲ ኤፍ ኤል ሬይል በሚል ስም መሥራት ጀመረ። በ2018 ወደ ሂትሮው የሚወስደው፣ በ2019 መጨረሻ ደግሞ እስከ ሪዲንግ ያለው ተጨመረ። ዋናው ዋሻ በተከፈተበት ቀን የሚነዱት ሰዎች ዓመታት የቆዩበት ሥራ ነበር። አንቀሳቃሽን ሪባን ሊቆረጥ ሁለት ወር ሲቀረው የሚፈልግ ከተማ ይህንን ያጣል።

ሥራው ምን ያህል ልምድ እንደሚጠይቅ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከሂትሮው ወደ አቤይ ዉድ የሚሄድ ባቡር በአንድ ጉዞ ከአንድ በላይ የሲግናል ሥርዓት ይጠቀማል፤ የአየር ማረፊያው ዋሻ አንድ ዓይነት አለው፣ የመሀል ከተማው ዋሻ ሌላ፣ በውጭ ያለው ነባር ሀዲድ ደግሞ የቆየውን ይዞ ኖሯል። ባቡሩ ሳይቆም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አለበት፤ ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱም እነዚህን ሥርዓቶች ማስማማት ነው። ፓዲንግተን ላይ ተሳፋሪውን አውርዶ የሚመለሰው ባቡር ደግሞ ወደ ዌስትቦርን ፓርክ ሄዶ አቅጣጫውን ይቀይራል። ሥርዓቱ ባቡሩ ራሱን እየነዳ እንዲሄድ ስለሚያስችለው፣ ነጂው ከፊተኛው ክፍል ወጥቶ ሁለት መቶ ሜትር የሚሆነውን ባቡር፣ ባዶ ወንበሮችን እያለፈ፣ በውስጥ በእግሩ ተራምዶ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይደርሳል። ባቡሩ ሲቆም እሱ ለመመለስ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በመሀል ዋሻው በሰዓት ሃያ አራት ባቡር በየአቅጣጫው ማሳለፍ የሚቻለው በእንደዚህ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎችን በሚያተርፉ ነገሮች ነው።

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ ደካማውን ጎኑን ሳላነሣ ባልፍ አላግባብ ይሆናል። «አንቀሳቃሽ» የምንለው አካል ከምናስበው በጣም ያነሰ ነገር ነው የያዘው። ዋሻውና በውስጡ ያለው ሀዲድ የትራንስፖርት ፎር ለንደን ነው፤ በመሀል ከተማ ያሉትን ትልልቅ ጣቢያዎች የሚያስተዳድረው የምድር ውስጥ ባቡሩ ድርጅት ለንደን አንደርግራውንድ ነው፤ ከዋሻው ውጭ ያለው ሀዲድና የኤሌክትሪክ ሽቦ የአገሪቱን ሀዲድ የሚያስተዳድረው የመንግሥት ድርጅት፣ የኔትወርክ ሬይል ነው፤ ባቡሮቹን የሠራው ፋብሪካ ደግሞ ጥገናውን ይዟል። በዲሴምበር 7 ቀን 2023 ምሽት ላድብሮክ ግሮቭ አካባቢ የላይኛው የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጥሶ በርካታ ባቡሮች በጨለማ ቆሙ፤ ተሳፋሪዎችም ለሰዓታት ከቆዩ በኋላ በሀዲዱ ላይ በእግራቸው እንዲወጡ ተደረገ። ከቆሙት መካከል የኤልሳቤጥ መስመር ባቡር ይገኝበታል። ሽቦው የአንቀሳቃሹ አልነበረም፤ የከተማውም አልነበረም። በጨለማ የተቀመጠ ተሳፋሪ ግን ይህንን ክፍፍል ሊያውቅ አይችልም፣ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም፤ የሚያየው በባቡሩ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ስሙ የከተማው እንዲሆን ከተወሰነ፣ ስድቡም ወደ ከተማው ይመጣል። ይህ በኔ ግምት የሚገባ ዋጋ ነው፤ ስድቡን የሚቀበል አካል ቢያንስ በምርጫ ሊጠየቅ የሚችል መሆን አለበትና።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በምርጫ የሚጠየቀው በማን ምርጫ ነው? መስመሩ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በምዕራብ ሪዲንግ፣ በምሥራቅ ሼንፊልድ ይደርሳል፤ ሁለቱም ከለንደን ወሰን ውጭ ናቸው። ከሪዲንግ፣ ከሜይደንሄድ ወይም ከስላው የሚሳፈር ሰው መስመሩን የሚመሩለትን ከንቲባ አይመርጥም። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩና ከተማው ፕሮጀክቱን በጋራ የያዙት በከፊል ለዚህ ነው፤ አንቀሳቃሹን የመምረጡ ሥልጣን ለከተማው ሲሰጥ ይህ ጉድለት ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። እኔ መልስ የለኝም። ሥልጣኑ ለሚኒስቴሩ ቢሰጥ ኖሮ ግን የምሥራቅ ጠረፉን መስመር ሦስት ጊዜ ያበላሸው አሠራር ወደ ዋሻው ይወርድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሥልጣንን ለሁለት ከፍሎ መስጠት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ፓሪስን ይመልከት። እዚያ ከተማውን የሚያቋርጡት የአር ኢ አር መስመሮች ከ1977 ጀምሮ በመሀል ሲገናኙ፣ መስመር ኤ እና ቢ በከተማው የትራንስፖርት ድርጅት በአር ኤ ቴ ፔ እና በአገሪቱ ባቡር ድርጅት በኤስ ኤን ሴ ኤፍ መካከል ተከፈሉ። ለረጅም ዓመታት የመስመር ቢ ባቡር ከደቡብ መጥቶ ጋር ዱ ኖር ከሚባለው ጣቢያ ሲደርስ፣ የአንዱ ድርጅት ነጂ ወርዶ የሌላው ነጂ ይገባ ነበር። ተሳፋሪው ባለበት ይቀመጣል፤ የሚለወጡት ነጂዎቹ ናቸው። አንዱ ነጂ ሲዘገይ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። በኋላ ነጂዎቹ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲነዱ ቢደረግም፣ ያ ሁሉ ዓመት የባከነው ከቴክኒክ ችግር አይደለም፤ ሲጀመር ማንም ለሌላው መልቀቅ ስላልፈለገ ነው።

እንግዲህ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ከተማው ዋጋውንም፣ ገቢውንም፣ ስሙንም፣ ሰሌዳውንም ከያዘ፣ ባቡሩን ራሱ ቢያንቀሳቅስ ምን ነበረበት? በውሉ መሀል ያለው ትርፍ ወደ ሆንግ ኮንግና ወደ ቶኪዮ ከሚሄድ? ለዚህ ያለኝ መልስ የተከፈለ ነው። ለአዲስ መስመር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ መስመር የከፈተ ድርጅት ማምጣት ያዋጣል፤ የሚሳሳተው ነገር ያነሰ ስለሚሆን። መስመሩ ከተደላደለ በኋላ ግን ክርክሩ ይቀየራል። በዓመት ከ200 ሚሊዮን በላይ ጉዞ የሚደረግበት መስመር ላይ አዲስ የሚገባው ድርጅት ይዞ የሚመጣው ምንድን ነው? ነጂዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ተቆጣጣሪዎቹም እነዚያው። የሚለወጡት የላይኞቹ ኃላፊዎችና በደመወዝ ወረቀቱ ራስጌ ላይ ያለው ስም ነው። ስለዚህ እኔ በ2024ቱ ጨረታ ጊዜ ከተማው ሥራውን ወደ ራሱ ቢወስድ ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ከሱ በፊት በ2014 ግን ከእነሱ ጋር አልስማማም።

ይህን የምለው አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው፤ ዕውቀቱ የት ይቀመጣል የሚለው። ወደ አገራችን ላምጣው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የተመረቀው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከወጪው 85 በመቶ የሚሆነው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ተሸፍኖ፣ በቻይናው የግንባታ ኩባንያ በሲ አር ኢ ሲ ተገነባ፤ ሲጀምርም የማንቀሳቀሱና የማሠልጠኑ ሥራ ለሼንዘን ሜትሮ ተሰጠ። ይኸው ሼንዘን ሜትሮ በኋላ በቴል አቪቭ በ2023 ለተከፈተው ቀይ መስመር ከእስራኤሉ ኤጌድ ጋር በጥምረት ገብቷል፤ ልምድ ያለው ድርጅት መሆኑ አያጠያይቅም። የመጀመሪያው ትኬት ከሁለት እስከ ስድስት ብር ስለነበር ገቢው ወጪውን ይሸፍናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የገንዘቡ ጥያቄ በዚህ ረገድ ከመጀመሪያውም ተመልሷል፤ መንግሥት ይከፍላል።

ያልተመለሰው ሌላው ነው። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ዓመታት ሳይቆጠሩ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ ሆነው ሲቆሙ፣ ሰልፉ ግን በየጣቢያው ነበር። ከካሊቲ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው የባቡሩን መምጣት እየጠበቀ ታክሲውን ያሳልፋል፤ የመጣው ባቡር ሞልቶ ሲያልፈው ታክሲውም የለም። እዚህ ላይ ጥፋቱን በአንቀሳቃሹ ወይም በሠራተኛው ላይ መጣል ቀላል ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ውሉ ሲፈረም በስምንተኛው ዓመት የብሬክ መለዋወጫ የሚገዛው ማን ነው፣ በምን ምንዛሬ፣ ማን አስቀድሞ አዝዞት የሚለው የት ቦታ ተጽፏል ብዬ ነው። ለንደን ላይ የባቡሩ ጥገና ባቡሮቹን ከገዛው ውል ጋር አብሮ ለረጅም ዓመታት የታሰረ ስለሆነ፣ ኤም ቲ አር ሄዶ ጂ ቲ ኤስ ሲመጣ በጥገና ጣቢያው ውስጥ የተነካ ነገር አልነበረም። አንቀሳቃሽ ሊቀያየር የሚችለው ባቡሩን ከሚጠግነው ሲለይ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ውል ተጠቅልለው አብረው ሲወጡ የቀረው ሰው ቁልፉን እንጂ መሣሪያውን አይረከብም።

አዲስ አበባ ሌላ መስመር ለመዘርጋት ስትነሣ፣ መንግሥት ይንዳው ወይስ የውጭ ድርጅት የሚለው ክርክር እንደገና መነሣቱ አይቀርም። እዚህ ያለን ሰዎች ለዚያ ክርክር የምናዋጣው አንድ ነገር ቢኖር የጨረታውን ሰነድ ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ በተለይም ስለ ጥገናና ስለ ሥልጠና የተጻፉትን ገጾች።

የጂ ቲ ኤስ ውል ሰባት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። ካልተጨመረበት በ2032 ያበቃል። ከተማው ሥራውን ወደ ራሱ ይውሰድ ወይስ እንደገና ያጫርት የሚለው ግን በ2032 አይወሰንም፤ ጨረታ ለማዘጋጀት ሁለት ዓመት ያህል ስለሚወስድ በ2030 ገደማ፣ ጋዜጣ ላይ ብዙም በማይወጣ ስብሰባ ነው የሚወሰነው። በዚያ ጊዜ የሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ ከዚህ አዳራሽ ጥቂት ደብዳቤዎች ቢሄዱ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።